700 ሜጋባይት ይላል፤ ታዲያ ቦታው የት ገባ?

ሰሞኑን የእህቴን አሮጌ ሲዲዎች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። የሠርግ አለ፣ የመዝሙር አለ፣ የልጆች ልደት አለ። አጠገቤ የተቀመጠ ሁሉ ስለ ሲዲ የሚያውቀውን ይነግረኛል። ብዙው ስህተት ነው፤ ስህተቱ ደግሞ ፎቶ ያስጥላል።

«ባዶ ሲዲ 700 ሜጋባይት ነው፤ አለቀ።»

700 የሚለው ቁጥር የሚሠራው ለፋይል ነው። ሲዲ ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ማጫወቻው በሰከንድ 75 ሴክተር ያነባል። ስለዚህ ባለ 80 ደቂቃው ሲዲ 360,000 ያህል ሴክተር አለው። አንዱ ሴክተር 2,352 ባይት ይይዛል። ዘፈን ሲሆን ሁሉም ለድምፅ ይውላል። ፋይል ሲሆን ግን ለእናንተ የሚደርሳችሁ 2,048 ባይት ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ለስህተት ማረሚያ የተያዘ ነው። ዘፈን መሀል አንዲት ባይት ብትበላሽ ጆሮ ልብ አይላትም። ዚፕ ፋይል ውስጥ ግን ያቺው አንዲት ባይት ፋይሉ እንዳይከፈት ልታደርግ ትችላለች። በዚህ ምክንያት ያው አንድ ሲዲ እንደ ኦዲዮ 807፣ እንደ ዳታ 703 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 790 ሜጋባይት የዌቭ ፋይል (ያልታመቀ ድምፅ) ኦዲዮ ሲዲ ተብሎ በርን ከተደረገ ይገባል። ዝም ብሎ ኮፒ ከተደረገ አይገባም።

«ኤምፒስሪ ከሆነ የፈለግከውን ያህል ዘፈን ይገባል።»

ዳታ ሲዲ ካላችሁት አዎ። ኤምፒስሪ የታመቀ ድምፅ ስለሆነ፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ከ12 ሰዓት በላይ ሙዚቃ ይይዛል። ኦዲዮ ሲዲ ካላችሁት ግን ፕሮግራሙ የታመቀውን እያንዳንዱን ዘፈን መጀመሪያ ይፈታዋል። ያኔ 80 ደቂቃ ብቻ ነው።

«ፎርማት ሳደርገው ከ100 ሜጋባይት በላይ ጠፋ፤ ሲዲው ፎርጅድ ነው።»

ፎርጅድ አይደለም። ተሰርዞ የሚጻፍበትን ሲዲ (ሲዲ-አርደብሊው) እንደ ፍላሽ ፋይል እየጎተቱ ለመጠቀም ፎርማት ሲደረግ፣ ጽሑፉ በትንንሽ ጥቅል ይከፈላል። በየ32ቱ የዳታ ሴክተር 7 ሴክተር ለማያያዣ ይሄዳል። ከ703 የሚተርፈው 570 ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። ሙሉውን ቦታ ከፈለጋችሁ ሁሉንም ፋይል ሰብስባችሁ በአንድ ጊዜ ጻፉት።

«ፋይሉን ካጠፋሁት ቦታው ይለቀቃል።»

ይህኛው ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። አንዴ ብቻ በሚጻፍበት ሲዲ ላይ ሌዘሩ የቀለሙን ንጣፍ ይለውጠዋል፤ ወደነበረበት አይመለስም። «ዲሊት» ስትሉ ፋይሉ ከዝርዝሩ ላይ ይወጣል እንጂ ከቦታው አይነቃነቅም። በዚያ ላይ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ስትጨምሩ እያንዳንዱ ዙር የራሱ መነሻና መዝጊያ ያስፈልገዋል። ለሁለተኛው ዙር ወደ 22 ሜጋባይት ይባክናል፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ ወደ 13። አስር ጊዜ ከፋፍላችሁ ከጻፋችሁ ከ120 ሜጋባይት በላይ አንድም ፎቶ ሳይገባበት ሄደ ማለት ነው።

ከእህቴ ሲዲዎች አንዱ ሲከፈት ሁለት ፎቶ ብቻ ያሳያል። ልትጥለው ነበር። ገልብጬ ወደ መብራት አዘነበልኩት። የተጻፈበት ክፍል ቀለሙ ትንሽ ይለያል፤ ከመሀል ጀምሮ ወደ ውጭ እየሰፋ ይሄዳል። የዚህኛው እስከ ግማሽ ደርሷል። ለሁለት ፎቶ ይህን ያህል ቦታ አያስፈልግም! የቀድሞ ዙሮችን በሚያሳይ ፕሮግራም ስከፍተው የመጀመሪያው ዙር እንዳለ ተቀምጦ አገኘሁት። የልጇ የመጀመሪያ ልደት ነበር፤ ኬኩ ገና አልተቆረሰም።