ኤቲ ነው ኤስኤን? አዲስ የታየ ብርሃን ሁሉ ለምን ወዲያው ሱፐርኖቫ አይባልም

ሰማይ ላይ የታየ አንድ አዲስ ብርሃን ስሙ መጀመሪያ ላይ ዛሬ ኤቲ (AT) ተብሎ ነገ ኤስኤን (SN) ሲባል ብዙ ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። ኤቲ ማለት የሆነ ነገር በርቷል፣ ምንነቱ ግን ገና አልታወቀም ነው። ኤስኤን የሚሆነው ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የፈነዳ ኮከብ፣ መሆኑ በስፔክትረም (ብርሃኑ በየቀለሙ ተበትኖ ሲታይ) ሲረጋገጥ ነው።

ጥንቃቄው ትክክል ነው። ካሊፎርኒያ ፓሎማር ላይ ያለው ዜድቲኤፍ (ZTF) የሚባለው የሰማይ ቅኝት የሰሜኑን ሰማይ በየሁለት ሶስት ቀኑ ፎቶ ያነሳና ኮምፒውተሩ ከአዲሱ ፎቶ ላይ የድሮውን ይቀንሳል፣ ከዛ የሚተርፈው ነጥብ ሱፐርኖቫ ሊሆን ይችላል፣ ግን አስትሮይድም፣ የካሜራ ስህተትም፣ ወይ እዚሁ እኛ ጋላክሲ ውስጥ ድንገት የደመቀ ኮከብ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ጋላክሲ ላይ ታየ ማለት እዛው ውስጥ ነው ማለት አይደለም፣ ከፊቱ ያለም እኮ እንደዛው ነው የሚታየው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 2023 ጃፓናዊው ኮይቺ ኢታጋኪ 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው ኤም101 ጋላክሲ ላይ አዲስ ብርሃን አገኘ፣ ድምቀቱ በኮከብ ድምቀት መለኪያ (ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይደክማል) 14.9 ስለነበር በአይን የሚታይ አልነበረም። በሰዓታት ውስጥ ስፔክትረሙ ተነሳ፣ ሃይድሮጂን ታየበት፣ ስለዚህ ታይፕ 2 (ሃይድሮጂን የሚታይበት አይነት) ሱፐርኖቫ ተባለ። ኤቲ ወደ ኤስኤን ተቀየረ፣ ቀሪው ስሙ፣ 2023አይኤክስኤፍ (2023ixf) የሚለው፣ ግን እንዳለ ቀረ፤ ፊደሎቹ ስለ አይነቱ ምንም አይናገሩም፣ የምዝገባ ተራ ናቸው፣ ሲቆጠሩ የዛ ዓመት 6714ኛው ላይ ያደርሳሉ፣ ያውም ገና በሜይ!