«ማስታገሻ ሕክምና» ማለት «በቃ፣ ወደ ቤት ውሰዱት» ማለት አይደለም

ጅማ፣ ሂርማታ ያሉ ጎረቤቴ የባለቤታቸውን ወረቀት ከፌስታል አውጥተው አሳዩኝ። «የጉበት ካንሰር፣ ማስታገሻ ሕክምና» ይላል። «ተስፋ ቆረጡበት ማለት ነው አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ።

አይደለም፣ እማማ። ዕጢው ትንሽ ሳለ ከተገኘ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ከጉበት አልፎ ከተሰራጨ ግን ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ያኔ ግቡ ከማዳን ወደ ማዘግየትና ስቃይን ማቅለል ይቀየራል እንጂ ሕክምናው አይቆምም። በሽታውን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ። ሶራፌኒብ የተባለው ኪኒን በዓለም ላይ ለጉበት ካንሰር ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል። አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ ደግሞ አንድ ላይ በደም ሥር ይሰጣሉ። ዕድሜ ያራዝማሉ እንጂ ብዙውን ጊዜ ፈጽመው አያድኑም። ዋጋቸውም ይከብዳል። ጉበቱ በጣም ከደከመ ደግሞ ጉዳታቸው ሊያይል ይችላል። ሐኪሙ ዓይን ቢጫ መሆኑን፣ ሆድ ውኃ መቋጠሩን ደጋግሞ የሚያየው ለዚህ ነው።

ማስታገሻ ከነዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ብቻውንም ትልቅ ሕክምና ነው። የሆድ ውኃ ይቀዳል። ሕመም በሞርፊን ይታገሣል። «ሱስ ይሆንበታል» ብሎ ሰውን ሌሊቱን ሙሉ ማስቃሰት አግባብ አይመስለኝም፤ መጠኑን ሐኪም ይቆጣጠረዋል።

ፌስታሉ ውስጥ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም መድኃኒትም አየሁ። ለተጎዳ ጉበት አደገኛ ነው፤ ሊያደማ፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። «ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይስጧቸው» አልኳቸው።