«ማታ 3 ሰዓት»፦ በማን ሰዓት? ስለ ኦንላይን ጨዋታ ቀጠሮ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ፣ ስቶክሆልምና ዋሽንግተን ያሉ ልጆችን በአንድ የፐብጂ ሩም (በፓስወርድ የሚገባበት የግል የጨዋታ ክፍል) ወይም በአንድ የኢፉትቦል ቱርናመንት ለማገናኘት የሚሞክር ሰው ከጨዋታው ይልቅ በሰዓት ሲጨቃጨቅ ይውላል። ቅሬታው ሁሌ ያው ነው፦ «እኔ በሰዓቱ ገብቻለሁ፤ ሩሙ ተዘግቶ ነው የጠበቀኝ»። ልጁ አልዋሸም። በሰዓቱ ገብቷል፤ በራሱ ሰዓት።

«የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ልዩነት 7 ሰዓት ነው፣ አለቀ»

አላለቀም። በጣም የሚያደክመው ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት ነው። ልዩነቱ 7 የሚሆነው ከማርች ሁለተኛ እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ነው። በቀሩት ወራት 8 ነው። ኢትዮጵያ ክረምት ከበጋ ከዩቲሲ (የዓለም መለኪያ ሰዓት) 3 ሰዓት ቀድማ እንዳለች ነች። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ከእኛ እኩል፣ ኤምሬትስና ኦማን በ1 ሰዓት ቀድመው፣ እነሱም ሰዓት አይነኩም። ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ወደፊትና ወደ ኋላ የሚገፉት አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ናቸው። ችግሩ በአንድ ቀን አይገፉም። አውሮፓ የበጋ ሰዓቱን (አንድ ሰዓት ወደፊት የተገፋውን) በማርች የመጨረሻ እሁድ ይጀምርና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ያበቃል። እስራኤል ከዚያች የማርች እሁድ በፊት ባለው ዓርብ ይጀምርና ከአውሮፓ ጋር በአንድ ቀን ይመለሳል።

የ2019 ዓ.ም. ጥቅምትን እንይ። ውድድሩ በየሳምንቱ ቅዳሜ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው እንበል። ጥቅምት 14 (ኦክቶበር 24 ቀን 2026) ስቶክሆልም ላይ 20:00፣ ቴል አቪቭ ላይ 21:00፣ ዋሽንግተን ላይ 14:00 ይሆናል። በሳምንቱ፣ ጥቅምት 21፣ ስቶክሆልም 19:00፣ ቴል አቪቭ 20:00 ሲሆን ዋሽንግተን ግን እዚያው 14:00 ላይ ነው። ጥቅምት 28 ዋሽንግተንም ወደ 13:00 ይወርዳል። ሦስት ተከታታይ ቅዳሜ፣ ሦስት የተለያየ ሰንጠረዥ። አዲስ አበባ ያለው አዘጋጅ አንዳች ነገር ስላልነካ «ሰዓቱ እኮ አልተቀየረም» ይላል፤ እሱም እውነቱን ነው።

ልብ በሉ፣ ጉዳቱ በሁለቱም ወቅት እኩል አይደለም። በማርች ሰዓቱን ያላስተዋለ ተጫዋች አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል፤ ያጉረመርማል እንጂ ይጫወታል። በኦክቶበርና በኖቬምበር ግን አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል፣ በፎርፌ ይሸነፋል። ስለዚህ ማስታወቂያውን አጠንክራችሁ የምትደጋግሙት በጥቅምት ነው።

መፍትሔው ደንቡ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ነው፦ «ይህ ውድድር የሚሄደው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው»። የአዲስ አበባ ሰዓት ስለማይንቀሳቀስ ከዩቲሲ ጋር ማሰር ማለት ነው፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ጉግል ካሌንደር ላይ ተደጋጋሚ ቀጠሮ የሚፈጥረው ሰው አሜሪካ ከሆነ ግን ካሌንደሩ በአሜሪካ ሰዓት ያስረውና ኖቬምበር ላይ የአዲስ አበባው ቀጠሮ ሳይታሰብ ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ይሄዳል። ቀጠሮውን ስትፈጥሩ የሰዓት ዞኑን በእጃችሁ የምሥራቅ አፍሪካ አድርጉት፤ ከየትም ሆናችሁ ብትፈጥሩት ችግር የለውም።

«በሀበሻ ሰዓት ጻፈው፣ ሁሉም ይገባዋል»

የማይገባው ሰው «አልገባኝም» ቢል ጥሩ ነበር። አይልም። የአዲስ አበባ ምሽት 3 ሰዓት በዋሽንግተን በጋ ከሰዓት በኋላ 14:00 ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ግሩፑ ላይ «ቅዳሜ 3 ሰዓት» የሚል ሲያነብ የራሱን 15:00 ያስባል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለጨዋታ የሚመች ጊዜ ስለሆነ ምንም አይጠረጥርም። ሌሊት 9 ሰዓት ቢመስለው ኖሮ ይጠይቅ ነበር። ስህተቱ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነው ሳይታወቅ የሚያልፈው።

የሀበሻውን አትተዉት፤ ብቻውን አትጻፉት። አቀያየሩ ቀላል ነው፦ ለቀን ሰዓት 3፣ ለማታ ሰዓት 15 ደምሩ፣ ዩቲሲ ታገኛላችሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት 11:00 ዩቲሲ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት 18:00 ነው። ሌሊት 9 ላይ 24 ይመጣል፣ ያም የዩቲሲ ቀን የሚቀየርበት ነው።

ከዚህም የሚሻለው መቀየሩን ለማሽኑ መተው ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የቪዲዮ ቻት ቀጠሮ ስትይዙ ለእያንዳንዱ አባል በስልኩ ሰዓት ይታየዋል። ዲስኮርድ ላይ ደግሞ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ትንሿን የእንግሊዝኛ ቲ፣ ሁለት ነጥብ፣ የዩኒክስ ቁጥሩን፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ትልቁን ኤፍ ጻፉ፤ ሁሉም በየአገሩ ሰዓት ያነበዋል። ቁጥሩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፣ 10 አሃዝ መሆን አለበት። 13 አሃዝ ከመጣላችሁ ሚሊሰከንድ ነው፤ የመጨረሻዎቹን 3 ቁረጡ።

«ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት ማለት ግልጽ ነው»

ለማን? ለእኛ ሌሊቱ የቅዳሜ ነው፣ እሁድ የሚሆነው ሲነጋ ነው። ስልክ ግን ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚቀይር እሁድ 01:00 ይለዋል። ዋሽንግተን ላይ ገና ቅዳሜ አመሻሽ ነው። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስህተት የአንድ ሰዓት ሳይሆን የሙሉ ቀን ነው፦ ግማሹ ቡድን ዓርብ ማታ አምሽቶ ይጠብቃል፣ ሌላው በማግስቱ። አነጋገራችን መድኃኒቱን ከድሮ ጀምሮ ይዞታል፤ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ሌሊት 7 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉና አጠገቡ «ቅዳሜ 22:00 ዩቲሲ» ጨምሩበት።

«የለንደን ሰዓት ማለት ጂኤምቲ ነው»

በክረምታቸው ብቻ። ጂኤምቲ ከዩቲሲ ጋር እኩል ነው፤ በበጋቸው ግን ለንደን ከእሱ አንድ ሰዓት ይቀድማል። የአሜሪካኖቹ «ኢኤስቲ»ም (የኒውዮርክ የክረምት ሰዓት) እንዲሁ ነው፤ በጁላይ «ኢኤስቲ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የኒውዮርክን ሰዓት ማለቱ ነው፣ የሰዓት መቀየሪያ መተግበሪያው ግን ቃል በቃል ወስዶ አንድ ሰዓት ያሳስታችኋል። ምህጻረ ቃል ተዉ፣ የከተማ ስም ጻፉ።

«እሁድ ሁሉም ሰው ነፃ ነው»

እስራኤል እሁድ የሥራ ቀን ነው። ሳዑዲም እንዲሁ፤ ዕረፍታቸው ዓርብና ቅዳሜ ነው። ኤምሬትስ ከ2022 ጀምሮ ወደ ቅዳሜና እሁድ ዞራለች። ከአዲስ አበባ ተጫዋቾችም ብዙዎቹ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የጋራ የሆነው ቅዳሜ ነው፤ 18:00 ዩቲሲ ከሎስ አንጀለስ ጠዋት እስከ ዱባይ 22:00 ያደርሳል። ሜልበርን ያሉትን ግን አያካትትም፤ እዚያ የእሁድ ንጋት ነው። እነሱ ካሉ አንዱን ሳምንት 18:00፣ ሌላውን 10:00 ዩቲሲ እያፈራረቁ መሄድ ነው፤ ለሁሉም የሚመች ሰዓት ፍለጋ ሦስት ቀን ፖል መክፈት ጊዜ ማባከን ነው።

«ሰርቨሩ ብዙ ተጫዋች ካለበት ይሁን»

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ኬብሉ ቀጥ ያለ መስመር ቢሆን እንኳ ፒንጉ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከ115 ሚሊሰከንድ አይወርድም፤ ኬብሉ ደግሞ ቀጥ አይልም። ጨዋታው የሚያስመርጥ ከሆነ ፍራንክፈርት አካባቢ ያለ ሰርቨር ላጉን (መዘግየቱን) ለሁለቱም ወገን ያካፍለዋል።

«ሀበሻ ስለሚያረፍድ አንድ ሰዓት ቀድመህ ንገር»

ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ብልህ የሆኑ ይመስላቸዋል። ሰዓቱን በትክክል ቀይሮ የመጣው የስቶክሆልም ልጅ ባዶ ሩም ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። የሚያረፍዱት ደግሞ ዘዴውን በሁለተኛው ሳምንት ይነቁበታል። ከሁሉ የከፋው፣ ሰው አንድ ሰዓት ሲዘገይ አርፍዶ ይሁን የሰዓት ለውጡ አሳስቶት መለየት አይቻልም።

እውነተኛውን ሰዓት ንገሩና ምዝገባ አድርጉ። ማረጋገጫው ከጨዋታው 45 ደቂቃ በፊት ይከፈት፣ 15 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋ፤ ያላረጋገጠ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጥ። የሩሙ ፓስወርድ የሚላከው ላረጋገጡት ብቻ፣ 10 ደቂቃ ሲቀር ነው። ከተጀመረ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ፎርፌ። መብራት የጠፋበት ሰው ፎርፌው ከመታወጁ በፊት በዳታም ቢሆን መልእክት ከላከ አንድ ጊዜ ብቻ ይዛወርለት፤ በማግስቱ «መብራት አልነበረም» ለሚል አይዛወርም።