«ዘ ሚስኤጁኬሽን ኦፍ ላውሪን ሂል»፦ የፉጂስ አባል የመጀመሪያ የብቻ አልበም

«ዘ ሚስኤጁኬሽን ኦፍ ላውሪን ሂል» (የላውሪን ሂል የተዛባ ትምህርት እንደ ማለት ነው) የአሜሪካው የራፕ ቡድን ፉጂስ አባል ላውሪን ሂል ለብቻዋ ያወጣችው የመጀመሪያ አልበም ነው። ለገበያ የቀረበው ኦገስት 25 ቀን 1998 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሳታሚዎቹ ራፍሃውስና ኮሎምቢያ ነበሩ። ሂል ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሌላ የስቱዲዮ አልበም አላወጣችም።

ፉጂስ በኒው ጀርሲ ግዛት የተመሠረተ፣ ሂልን፣ ዋይክሌፍ ዣንንና ፕራስ ሚሼልን ያቀፈ የሦስት ሰዎች ቡድን ነበር። በ1994 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ብዙም ጆሮ አላገኘም። በ1996 የወጣው «ዘ ስኮር» ግን በሚሊዮኖች ተሸጦ የግራሚ ሽልማት አስገኘላቸው። ከሁሉ በላይ በዓለም የተሰማው ቀደም ሲል ሮበርታ ፍላክ ያስታወቀችው «ኪሊንግ ሚ ሶፍትሊ» ነበር፤ ዘፈኑንም ወደ ላይ ያወጣው የሂል ድምፅ ነው። ሂል ዜማ ስታንቆረቁር ከቆየች በኋላ ወዲያው ወደ ራፕ ተሻግራ ከማንም ወንድ ራፐር እኩል መቆም የምትችል ነበረች። ሁለቱን ሙያ በዚህ ደረጃ አጣምሮ የያዘ ሰው በዘመኑ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

በ1997 ቡድኑ እየላላ ሄደ። ዋይክሌፍ በዚያው ዓመት የራሱን አልበም አወጣ፤ በእርሱና በሂል መካከል የነበረው የፍቅር ግንኙነትም በመከራ ተቋጨ። እርሷ ደግሞ ከቦብ ማርሊ ልጅ ከሮሃን ማርሊ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ነበር። ልጁ ዛዮን በኦገስት 1997 ተወለደ። ስኬቷ ጫፍ ላይ በደረሰበት ወቅት ልጅ መውለድ ሙያዋን እንደሚያበላሽባት የነገሯት ሰዎች እንደነበሩ «ቱ ዛዮን» በተሰኘው ዘፈን ውስጥ ራሷ ትናገራለች፤ አእምሮዋን እንድትሰማ መከሯት፣ እርሷ ግን ልቧን መረጠች። ካርሎስ ሳንታና በጊታር ያጀባት ይህ ዘፈን እንደ ወታደር ሰልፍ በሚመታ ከበሮ እየተራመደ ሄዶ በመዘምራን ድምፅ ይዘጋል። በእኔ አስተያየት የአልበሙ እምብርት እርሱ ነው። አንዲት የራፕ ኮከብ የእናትነቷን ደስታ ሳትሸፍን፣ ሳታፍርበት፣ በሙሉ ድምፅ ማወጇ በዚያ ሙዚቃ ዓለም እጅግ ብርቅ ነበር።

ቀረጻው የተካሄደው በዋናነት በኒው ዮርኩ ቸንግ ኪንግ ስቱዲዮና በጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን በሚገኘው፣ ቦብ ማርሊ ባቋቋመው ተፍ ጎንግ ስቱዲዮ ነው። ከሌሎች ዘፈኖች በተቆረጡ ድምፆች ላይ ብቻ ከመመርኮዝ ይልቅ በሕያው መሣሪያ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ተሰባስበዋል። «ኤቭሪቲንግ ኢዝ ኤቭሪቲንግ» በተባለው ዘፈን ፒያኖ የተጫወተው ያኔ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው፣ በኋላ ጆን ሌጀንድ ተብሎ የታወቀው ሙዚቀኛ ነው። ሜሪ ጄ. ብላይጅና ዲአንጀሎም በየፊናቸው አብረዋት አዚመዋል።

አልበሙ የሚከፈተው በትምህርት ቤት ደወል ነው። መምህሩ ስም ሲጠራ ላውሪን ሂል የለችም። በዘፈኖቹ መካከል ደግሞ ልጆች ፍቅር ምን እንደሆነ ሲከራከሩ ይሰማሉ። የመምህሩን ድርሻ የያዘው ራስ ባራካ በ2014 የኒውአርክ ከተማ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል። የአልበሙ ስያሜ የታሪክ ምሁሩ ካርተር ጂ. ውድሰን በ1933 ካሳተሙት፣ የጥቁር አሜሪካውያን ትምህርት የገዛ ማንነታቸውን የሚያስንቅ ነው ብለው ከተቹበት መጽሐፍ ጋር ይዛመዳል። ሂል ጥያቄውን ወደ ልብ ጉዳይ አዞረችው፦ ስለ ፍቅር ማን ያስተምረናል? የቀረችባትን ክፍል ትምህርት ከሕይወት ስትማር የምንሰማው በዘፈኖቹ ውስጥ ነው። «ሎስት ዋንስ» የቀድሞ ባልደረባን የሚገስጽ ኃይለኛ ራፕ ነው፤ ብዙዎች ለዋይክሌፍ የተላከ አድርገው ሰምተውታል። «ኤክስ ፋክተር» ግን ያንኑ ዓይነት ቁስል በልመና ድምፅ ያወጣዋል። ሁለቱን አከታትሎ የሚሰማ ሰው ቁጣና ሐዘን ከአንድ ሰው አንደበት ሲወጡ ያገኛል።

«ዱ ዎፕ (ዛት ቲንግ)» በመጀመሪያው የግጥም ክፍል ሴቶችን፣ በሁለተኛው ወንዶችን ይመክራል። የዘፈኖችን ተወዳጅነት በደረጃ በሚያሳየው በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ ብቅ ያለውም በቀጥታ በአንደኝነት ነው። አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት ከ420 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። በፌብሩዋሪ 1999 በተካሄደው የግራሚ ሥነ ሥርዓት ሂል በ10 ዘርፎች ታጭታ 5ቱን ወሰደች፤ ከእነዚህም አንዱ የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ነበር። አንድ የሂፕ ሆፕ አልበም ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።

ክብሩ ያለ ክርክር አልመጣም። ኒው አርክ በሚል ስም አብረዋት የሠሩ አራት ሙዚቀኞች በድርሰትና በቅንብር ያበረከትነው ድርሻ በአግባቡ አልተጠቀሰም ብለው በ1998 ከሰሱ፤ ጉዳዩ በ2001 በስምምነት ተዘጋ። ይህ እንደ ትንሽ ነገር የሚታለፍ አይደለም። የብቻ አልበም የሚባለው ሥራ ምን ያህል እጆች እንደሚያልፉበት ያሳያል፤ ለሠራተኛው ሁሉ ስሙ ሊሰጠው ይገባል። ያም ሆኖ ሥራውን ከዳር እስከ ዳር አንድ የሚያደርገው የእርሷ ታሪክና ድምፅ መሆኑን ሰምቶ መካድ አይቻልም።

በ2002 ሂል በጊታር ብቻ ታጅባ የቀረበችበት የመድረክ አልበም ወጣ፤ እንደ መጀመሪያው ግን አልተወደደም። የ1998ቱ ሥራ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በቅርስነት ከሚጠብቃቸው ቀረጻዎች መዝገብ ገብቷል። በ2021 በአሜሪካ የ10 ሚሊዮን ሽያጭ ማረጋገጫ አገኘ። በ2018፣ አልበሙ 20 ዓመት በሞላበት ዓመት፣ ድሬክና ካርዲ ቢ በየራሳቸው ዘፈን «ኤክስ ፋክተር»ን መነሻ አድርገው ሠርተዋል።