ክፍት ወጥ ቤት በኮንዶሚኒየም፦ ብሎኬቱ ከመፍረሱ በፊት መታረም ያለባቸው አመለካከቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ወይም አነስተኛ አፓርታማ ሲታደስ «ይሄን የወጥ ቤት ግድግዳ ብናነሳውስ?» የማይል ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ስልክ ላይ ከታየ ፎቶ መምጣቱ ነው። ፎቶው ላይ ቁሌት የለም፣ ምጣድ የለም፣ የውሃ በርሜልም የለም። ያ ግድግዳ ጭስ ያግዳል፣ ካቢኔት ይሸከማል፣ ሽቦና ቧንቧ ይደብቃል፣ ያልታጠበ ዕቃም ከእንግዳ ዓይን ይሸሽጋል። ሲፈርስ እነዚህን ሥራዎች ምን እንደሚረከባቸው አስቀድሞ ካልተወሰነ ወጥ ቤቱ እንዳለ ሳሎን ገባ ማለት ነው።

«ግድግዳው ሲነሳ ቤቱ ይሰፋል»

ይሰፋል፤ የሚታሰበውን ያህል ግን አይደለም። 3 ሜትር ርዝመት ያለው የ15 ሳንቲ ብሎኬት ሲነሳ የሚገኘው ወለል ልስኑን ጨምሮ ግማሽ ካሬ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሌላ ግማሽ ካሬ የሚገኘው ከበሩ ነው፤ ባለ 80 ሳንቲ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚጠርገው ወለል ያን ያህል ስለሆነ ቦታው ባዶ መተው ነበረበት። በቃ፣ ይኸው ነው።

የሚታጣውንም አብሮ መቁጠር ያስፈልጋል። በዚያው 3 ሜትር ላይ 35 ሳንቲ ጥልቀትና 70 ሳንቲ ቁመት ያለው የላይ ካቢኔት ተሰቅሎ ከነበረ፣ ከ700 ሊትር በላይ ማስቀመጫ አብሮ ይሄዳል። በሳሎኑ በኩል ደግሞ ቡፌው ወይም ቴሌቪዥኑ የሚደገፍበት ይጠፋል። ስለዚህ ከማፍረስ በፊት ያለው ዕቃ በሙሉ ወለል ላይ ወጥቶ ይቆጠር፤ ድስቱ፣ የበርበሬና የሽሮ ዕቃው፣ የጤፍ ከረጢቱ፣ ሞሰቡ። ለእያንዳንዱ አዲስ ቦታ ይጻፍለት። ቦታ ያጣ ዕቃ መጨረሻው ሶፋው ጀርባ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው በቀሪው ግድግዳ ላይ እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ካቢኔት ነው፤ ከላይ የሚቀረው የ40 ሳንቲ ክፍተት አቧራ ከሚሰበስብ የዓመት በዓል ዕቃ ቢገባበት ይሻላል።

እውነተኛው ትርፍ ብርሃንና የጋራ መተላለፊያ ነው። ይህን ለማግኘት ደግሞ ግድግዳውን ሁሉ ማንሳት የግድ አይደለም። ከወለል 90 ሳንቲ ትቶ፣ ከዚያ በላይ 1.5 ሜትር ያህል ስፋት መክፈት ብርሃኑን ያስገባል፤ የታች ካቢኔቱም መደገፊያውን አያጣም። ከክፍተቱ በላይ ብሎኬት ከቀረ የሚሸከመው ሊንተል (ከክፍተት በላይ የሚጋደም የኮንክሪት አግዳሚ) መግባት አለበት።

«ብሎኬት ስለሆነ ተሸካሚ አይደለም»

በኮለንና በቢም፣ ማለትም ጭነቱን በሚሸከሙ የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚዎች የቆሙት የተለመዱት ኮንዶሚኒየሞች ላይ ይህ አባባል አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ብሎኬቱ የፍሬሙ መሙያ ነው። ነገር ግን በአልሙኒየም ፎርምወርክ (ኮንክሪት በሚፈስበት የአልሙኒየም ቅርጽ ማውጫ) የተሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ ግድግዳው ራሱ ብረት ያለበት ኮንክሪት ስለሚሆን፣ ተለስኖ ቀለም ከተቀባ በኋላ ከብሎኬት በዓይን አይለይም። በድንጋይ ወይም በጡብ የተሠሩ አሮጌ ቤቶች ላይም ግድግዳው ጣሪያውን የተሸከመ ሊሆን ይችላል።

ለመጀመሪያ ጥርጣሬ መሰርሰሪያ ይበቃል። መጀመሪያ መስመሩ ላይ ሽቦና ቧንቧ አለመኖሩ ይረጋገጥ፤ ከዚያ ባለ 6 ሚሊ ቢት ይገፋ። ብሎኬት ከሆነ ልስኑንና የብሎኬቱን ልጣጭ አልፎ ከ5 ሳንቲ ገደማ በኋላ ቢቱ ባዶ ውስጥ ዘው ይላል። ኮንክሪት ከሆነ እስከ መጨረሻው ይታገላል፤ ድምፁም ይለወጣል። ይህ ግን የሚጠቅመው ጥያቄውን ይዞ ወደ መሐንዲስ ለመሄድ ነው፤ ለማፍረስ ፈቃድ አይሆንም። ፈቃድ የሚገኘው ከወረዳው የግንባታ ፈቃድ ክፍልና ከጋራ ሕንፃው ማኅበር ነው። በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የግል ቤት አንድ ነገር ነው፣ የጋራው ሀብት ሌላ። ኮለኑና ቢሙ፣ የቧንቧው ሻፍትም (ቧንቧዎች ከፎቅ ፎቅ የሚያልፉበት ቀዳዳ) ጭምር፣ የባለቤቱ ብቻ አይደሉም።

ማፍረሱ ሲጀመር ከላይ ወደ ታች፣ በግራይንደር እየተቆረጠ ይሁን። በመዶሻ ከመሃል መምታት የጎረቤትን ልስን ይሰነጥቃል። 3 ሜትር በ2.6 ሜትር የሆነ ግድግዳ ልስኑን ጨምሮ ወደ 2 ቶን ይመዝናል፤ ፍርስራሹ ወለሉ መሃል ሳይከመር በየሰዓቱ በከረጢት መውረድ አለበት። ሌላው ሁሌ የሚረሳ ነገር ወለሉ ነው። ግድግዳው የቆመበት 20 ሳንቲ ስፋት ያለው ሰንበር ሴራሚክ የለውም፤ ያው ሴራሚክ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ገበያ ላይ አይገኝም። ለማመሳሰል ከመድከም በሌላ ቀለም ሆን ብሎ መስመር ማስመሰል ያዋጣል።

«ጥሩ ሁድ ከተገዛ ሽታ የሚባል ነገር አይኖርም»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስጠፋው ይህ ነው።

በቅድሚያ ሁድ፣ ማለትም ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስና እንፋሎት የሚስበው መሣሪያ፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣል። ሁለተኛው በከሰል ፊልተር አሳልፎ መልሶ ቤት ውስጥ ይለቀዋል፤ ይህኛው ቅባቱን ይይዛል፣ ሽታውን ይቀንሳል፣ እንፋሎቱን ግን እንዳለ ይመልሰዋል፤ ፊልተሩም በየጥቂት ወሩ ይቀየራል። ለቁሌት ይህኛው አይበቃም። ሽንኩርት ያለ ዘይት ለረጅም ጊዜ ሲታመስ የሚወጣው እንፋሎት፣ ዘይትና በርበሬ ሲጨመሩ የሚተነው ቅባት፣ ቅቤ ሲነጠር የሚወጣው ሽታ፣ እነዚህ ሁሉ መጋረጃና ሶፋ ጨርቅ ላይ ነው የሚያርፉት። ጉሮሮ የሚያስለውም በአየር ላይ የሚንሳፈፈው የበርበሬው ብናኝ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ልኩ ነው። የተለመደው ስሌት የክፍሉን አየር በሰዓት 10 ጊዜ መቀየር ነው። ዝግ የነበረ የ6 ካሬ ወጥ ቤት፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር ከሆነ፣ 6 × 2.6 × 10 = 156 ሜትር ኩብ በሰዓት ይበቃው ነበር። ግድግዳው ተነስቶ ክፍሉ 24 ካሬ ሲሆን ግን ስሌቱ 624 ደረሰ። የድሮውን ሁድ መልሶ የሰቀለ ሰው የአራት እጥፍ ሥራ ሰጥቶታል።

ሦስተኛው ቱቦው ነው፤ ሞተሩ ቢጎለብትም ቱቦው ካነቀው ዋጋ የለውም። ባለ 10 ሳንቲ ቱቦ የአየር መንገዱ ከባለ 15 ሳንቲው ከግማሽ በታች ነው። ሠራተኛው «ይኸም ይሠራል» ብሎ ጠባቡን ሲያስገባ ሁዱ ይጮኻል እንጂ አይስብም። መንገዱ አጭር፣ መታጠፊያው ከሁለት ያልበለጠ፣ ቱቦው በተቻለ መጠን ውስጡ ለስላሳ ይሁን፤ ተጣጣፊው ሽብሽብ ቱቦ አየር ይይዛል፣ ቅባትም ያጠራቅማል። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሻፍት ማስገባት ደግሞ የወጡን ሽታ ለላይኛው ፎቅ ጎረቤት መላክ ነው። ከምድጃው በላይ ያለው ከፍታ ለኤሌክትሪክ 65፣ ለጋዝ 75 ሳንቲ ገደማ ነው፤ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ እሱ ይቀድማል።

መስኮቱና በሩ ሁሉ ከተዘጋ ሁዱ የሚስበው አየር አያገኝም። ራቅ ያለ አንድ መስኮት በጥቂት ጣት ክፍት ይሁን። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ ቅጠል ሶፍት ፊልተሩ ላይ ያስጠጉ። ሁሉም ተዘግቶ ሲወድቅ፣ መስኮቱ ገርበብ ሲል ከተለጠፈ ጥፋቱ የሁዱ አይደለም። ሁዱ ሽንኩርቱ ከመጣዱ 5 ደቂቃ በፊት ቢበራ፣ ድስቱ ከወረደ በኋላም ለ10 ደቂቃ ቢተው ለውጡ ይታያል።

መብራት ሲጠፋስ? ሁድ የለም። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች በሌሉት ቤት ውስጥ ሙሉ ክፍት ወጥ ቤት አንመክርም። በአልሙኒየም ፍሬም የተሠራ ተንሸራታች መስታወት፣ ጠንካራ መስታወት እስከሆነ ድረስ፣ ብርሃኑን አሳልፎ ቁሌቱን ያስቀራል፤ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል፣ ለአንድ ሰዓት ይዘጋል። ብዙ ሰው እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። ለኢትዮጵያ ማዕድ ግን ከሁሉም የተሻለው አማራጭ ይህ ነው።

«ሶኬት እስካለ ምጣድ ይሠራል»

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። በ220 ቮልት 4 ኪሎዋት ማለት 18 አምፔር ነው፤ የተለመደው ሶኬት ደግሞ ለ16 አምፔር የተሠራ ነው። አንድ ዙር እንጀራ ላያሳይ ይችላል፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገር ግን ሶኬቱ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቀልጣል። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ በትልቅ ብሬከር መቀየር ደግሞ የእሳት መንገድ ነው፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለነበር። ለምጣድ ከቦርዱ ቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ሚሊ ሽቦ፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከርና አቅሙን የሚመጥን መሰኪያ ይዘርጋ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ይህ ካልተደረገ በኋላ መቆፈር ይመጣል። ምጣዱ ላይ ባለ ሁለት ዓይን ምድጃና የውሃ ማፍያ አብረው ከተነሱ 8 ኪሎዋት ያልፋል፤ የቆጣሪው አቅም ይህን ይችል እንደሆነ ኤሌክትሪሻኑ ያረጋግጥ።

የት እንደሚቀመጥም መወሰን አለበት። የምጣዱ ስፋት ከነጠርዙ 60 ሳንቲ አካባቢ ስለሚሆን መደበኛውን የ60 ሳንቲ ባንኮኒ ጥልቀት ሙሉ ይይዘዋል። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ በቀጥታ ከላይ ያለውን ካቢኔት ይመታል፤ ካቢኔቱ የተሠራበት ቺፕውድ (የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ) ከታች ጠርዙ ያብጣል። ከምጣዱ በላይ ካቢኔት አይሰቀል። ጣሪያ ያለው በረንዳ ካለ የምጣዱ ትክክለኛ ቦታ እዚያ ነው፤ መስመሩም እስከዚያ ይዘርጋ።

«ኦፕን ኪችን ያለ አይላንድ አያምርም»

አይላንድ ከግድግዳ ተነጥሎ መሃል ላይ የሚቆም ባንኮኒ ነው። ሜትር ይዘው ይለኩ። የግድግዳው ባንኮኒ 60፣ መቆሚያው 100፣ አይላንዱ 60፣ ከጀርባው ማለፊያ 90 ሳንቲ፤ ሲደመር 3.1 ሜትር። ሳሎኑ ገና አልተጀመረም። በትንሽ ቤት አንድ ጫፉ ግድግዳ የነካ ባንኮኒ የአንዱን ወገን ማለፊያ ያስቀራል።

መብያ ይሆናል ተብሎ የሚሠራው የ40 ሳንቲ ባንኮኒ ሌላ ጉድ አለው። ለማኪያቶና ለዳቦ ይበቃል። ትልቁ የእንጀራ ትሪ ግን 60 ሳንቲ ገደማ ስለሚሆን ጠርዙ በሁለቱም በኩል አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ጎን ለጎን ተደርድሮም ከአንድ ትሪ መብላት አይመችም። ቤተሰቡ አንድ ላይ የሚበላ ከሆነ ቦታው ለሞሰብ ወይም ለክብ ጠረጴዛ ይተው።

«ማጠቢያውን የፈለግንበት ማዛወር ይቻላል»

ውሃው ይመጣል፤ የማይታዘዘው ፍሳሹ ነው። ቱቦው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ያህል መውረድ አለበት፤ 3 ሜትር ከራቀ 6 ሳንቲ ማለት ነው። ሶሌታ (የኮንክሪቱ ወለል) ተቆፍሮ ቱቦው አይቀበርም፤ ስለዚህ ቱቦው ከታች ካቢኔቱ ጀርባ ነው የሚሄደው፣ መሃል ላይ በር ወይም መተላለፊያ ካለ ግን ካቢኔቱ ስለሚቋረጥ ቱቦው ማለፊያ ያጣል። ቁልቁለቱ ሲያንስ ቅባቱ ይረጋና በወራት ውስጥ ይደፈናል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በርሜሉ ከፕላኑ ላይ መቀመጥ አለበት። 200 ሊትር 200 ኪሎ ነው፤ የመኖሪያ ወለል ብዙ ጊዜ የሚሰላው በካሬ 200 ኪሎ ለሚሆን ጭነት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ታንከር ከተፈለገ ኮለን አጠገብ እንጂ በረንዳ ጫፍ ላይ አይቀመጥ፤ መሐንዲስም ይጠየቅ።

«አረንጓዴው ኤምዲኤፍ ውሃ አይነካውም»

ኤምዲኤፍ ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ የካቢኔት ጣውላ ነው። አረንጓዴው እርጥበት ይችላል፤ ውሃ አይችልም። ለማጠቢያው የተቆረጠው ጠርዝ በሲሊኮን ካልታሸገና ካቢኔቱ 10 ሳንቲ እግር ላይ ካልቆመ በወለል እጥበት ብቻ ያብጣል።

«ቤቱ ክፍት ስለሆነ ጋዝና ከሰል አያሰጋም»

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወለል ላይ ተኝቶ ወደ ሳሎኑ ይሄዳል፤ ከላይ ያለው ሁድ አያገኘውም። ከታች በኩል ወደ ውጭ የሚያስወጣ ክፍተት ያስፈልጋል፤ ሲሊንደሩም ዝግ ካቢኔት ውስጥ አይገባም።

የቡናው ከሰል የባሰ ነው፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ፍሙ አመድ ለብሶ ጭሱ ሲያቆም «አለቀለት» ተብሎ ወደ ቤት የሚገባው ስህተት ነው፤ ጋዙ ያኔም ይወጣል። ለረከቦቱ ከመስኮት አጠገብ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይተው፣ እዚያው ለትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሶኬት ይዘርጋ። ከሰል የግድ ከሆነ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ጀበናው ብቻ ይግባ።