ስለ አውስትራሊያ ቤዝቦል ሊግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤዝቦል ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው አሜሪካን ነው፤ ጠለቅ ብሎ የሚያውቅ ደግሞ ጃፓንንና ኩባን ይጨምራል። የአውስትራሊያ ቤዝቦል ሊግ መኖሩን የሰሙትም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚመዝኑት በአሜሪካው ሚዛን ስለሆነ፣ በሊጉ ዙሪያ የሚነገረው ነገር ከእውነታው ሲርቅ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቤዝቦል ወደ አውስትራሊያ የገባው በቴሌቪዥን ዘመን ነው» የሚለው አባባል ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ይዘላል። በ1888 መጨረሻ፣ የቀድሞው ተጫዋችና የስፖርት ዕቃ ነጋዴው አልበርት ስፖልዲንግ ሁለት የአሜሪካ ቡድኖችን በመርከብ ይዞ ሲድኒ ደረሰ፤ ቡድኖቹም በሲድኒ፣ በሜልቦርንና በአደሌድ ለተመልካች ተጫወቱ። በ1934 ደግሞ ክፍለ ግዛቶቹ የሚፋለሙበት የክላክስተን ጋሻ ውድድር ተጀመረ። የዛሬው ሊግ ሻምፒዮንም የሚሸለመው በዚሁ ስም የሚጠራውን ጋሻ ነው።

«የመጀመሪያው ሊግ በ2010 የተቋቋመው ነው» የሚሉም አሉ። በዚያው ስም የሚጠራ ሊግ ከ1989 እስከ 1999 ድረስ ተካሂዶ ፈርሷል፤ የ2010ሩ ሁለተኛው ነው።

«ሊጉ የአሜሪካው ከፍተኛ የቤዝቦል ሊግ፣ የሜጀር ሊግ፣ ቅርንጫፍ ነው» የሚለው ግን ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ጊዜው ያለፈበት መሆኑ ነው ችግሩ። ሊጉ በስድስት ቡድኖች እንደገና ሲጀመር ሜጀር ሊግ የ75 በመቶ ድርሻ ነበረው፤ ቀሪው 25 በመቶ የአውስትራሊያ ቤዝቦል ፌዴሬሽን ነበር። ሜጀር ሊግ በ2016 እጁን ካወጣ በኋላ ኃላፊነቱ በአገሬው ላይ ወድቋል። በ2018 የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ቱአታራና በኮሪያውያን ተጫዋቾች የተዋቀረው ጂሎንግ ኮሪያ ተጨምረው ቡድኖቹ ስምንት የሆኑትም ከዚህ በኋላ ነው።

የውድድሩን ጊዜ በተመለከተም ግራ መጋባት አለ። ቤዝቦል የበጋ ጨዋታ ስለሆነ የአውስትራሊያው ወቅትም እንደ አሜሪካው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። አውስትራሊያ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለምትገኝ ግን በጋዋ በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ነው፤ በአጋጣሚም ከእኛ በጋ ጋር ይገጥማል። ጥቅሙ ከአየር ጠባይ ያለፈ ነው፤ የአሜሪካ ክለቦች ሥራ በሚፈቱበት ሰሞን ወጣት ተጫዋቾቻቸው እንዲበስሉ ወደዚያ ይልካሉ። ቬንዙዌላዊው ሮናልድ አኩኛ በ2016 መጨረሻ ለሜልቦርን ኤይስስ ሲሰለፍ ገና ወደ ሜጀር ሊግ ያላደገ ታዳጊ ነበር፤ በ2023 ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ የሆነው የናሽናል ሊግ ኮከብ ተጫዋች ሆኖ ተመርጧል።

«ሊጉ ፕሮፌሽናል ከተባለ ተጫዋቾቹ ሀብታሞች ናቸው» ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። በአሜሪካ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ሲያደርግ፣ በ2010 በተጀመረው የአውስትራሊያ ሊግ በመጀመሪያው ወቅት የተደረገው 40 ብቻ ነበር። ከዚህ የሚገኝ ገቢ ዓመቱን ሙሉ ቤተሰብ ስለማያስተዳድር ብዙዎቹ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ለፐርዝ ሂት ቡድን የተጫወተው ቲም ኬኔሊ፣ ለምሳሌ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሆኖ ይሠራ ነበር።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያከራክረው ግን «ደረጃው ዝቅተኛ ነው» የሚለው ነው። ሊጉ ከአሜሪካው ጋር እኩል ነው ማለት አይቻልም፤ እንዲህ የሚል አውስትራሊያዊም አላጋጠመኝም። ነገር ግን በ2013 ካንቤራ ካቫልሪ ታይዋን ውስጥ በተደረገው የእስያ ሲሪስ ውድድር የቀጣናውን ሻምፒዮን ክለቦች አልፎ ዋንጫውን ወስዷል። የመጀመሪያው ሊግ ያፈራቸው ልጆች የበዙበት ብሔራዊ ቡድንም በ2004ቱ የአቴንስ ኦሎምፒክ በግማሽ ፍጻሜ ጃፓንን፣ ያውም በፕሮፌሽናሎች የተሞላችውን ጃፓን፣ 1 ለ 0 ረቶ፣ በፍጻሜው በኩባ 6 ለ 2 ተሸንፎ ብር አግኝቷል።

በ2023ቱ የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር፣ በዓለም ቤዝቦል ክላሲክ፣ የሆነው ደግሞ በዝርዝር መነገር ያለበት ነው። ቶኪዮ ላይ፣ ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች (ኢኒንጎች) በሰባተኛው፣ አውስትራሊያ ደቡብ ኮሪያን 5 ለ 4 እየመራች ነበር። ኮሪያዊው ካንግ ቤክሆ ኳሷን አርቆ መትቶ ሯጮች ከሚያርፉባቸው ነጥቦች ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ቤዝ፣ ላይ ደረሰና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ እጁን እያወዛወዘ መፈንጠዝ ጀመረ። በዚህ መሐል እግሩ ከቤዙ ለቀቀ፤ ከቤዝ የለቀቀ ሯጭ ደግሞ ኳስ በያዘ ተጋጣሚ ከተነካ ከጨዋታ ውጭ ይሆናል። ኳሷን በጓንቱ የያዘው አውስትራሊያዊው ሮቢ ግሌንዲኒንግ ግን ዓይኑን ከእግሩ ላይ አልነቀለም ነበርና ወዲያው ነካው፤ የቪዲዮ ምስሉ እንደገና ሲታይም ካንግ ከጨዋታ ውጭ ሆነ። ጨዋታው 8 ለ 7 በሆነ ውጤት በአውስትራሊያ አሸናፊነት ተጠናቀቀ፤ ከአውስትራሊያ በኩል ኳሷን ከሜዳው አጥር አሳልፈው በመምታት ነጥብ ካስቆጠሩት መካከልም የእሳት አደጋ ሠራተኛው ኬኔሊ ይገኝበታል።