የመንፈስ መገለጥ በጉባኤ መካከል፦ አቀባበሉና አመዛዘኑ

«ነገር ግን መንፈስ ቅዱስን መግለጥ ለእያንዳንዱ ለጥቅም ይሰጠዋል።» (1ኛ ቆሮ. 12፥7)

የተወደዳችሁ ቅዱሳን፣ ጳውሎስ ይህን ቃል የጻፈው ስጦታ ለጠፋበት ጉባኤ አይደለም። የቆሮንቶስ ምእመናን አንድም የጸጋ ስጦታ እንዳልጎደለባቸው ገና በመልእክቱ መግቢያ ላይ መስክሮላቸዋል (1፥7)። የጎደላቸው ሥርዓት ነበር። ሁሉም በአንድ ላይ በልሳን፣ ማለትም ሰሚው በማያውቀው ቋንቋ፣ ቢናገሩ የማያምን ሰው ገብቶ «አብደዋል» እንደሚላቸው ያስጠነቅቃቸዋል (14፥23)። ስለዚህ ከምዕራፍ 12 እስከ 14 ያለው ትምህርት መንፈስ በብርቱ በሚሠራበት ጉባኤ ውስጥ ላሉ ሰዎች የተሰጠ ነው። «ሥርዓት ካበዛን መንፈስን እናጠፋለን» የሚል ወገን ይህን ልብ ይበል።

በቁጥር 8 እስከ 10 ዘጠኝ መገለጦች ተዘርዝረዋል፤ የጥበብ ቃል፣ የእውቀት ቃል፣ እምነት፣ የመፈወስ ስጦታ፣ ተአምራት ማድረግ፣ ትንቢት፣ መናፍስትን መለየት፣ ልሳንና የልሳን ትርጓሜ። ዝርዝሩ ግን በዚህ አያበቃም፤ በቁጥር 28 እርዳታና አስተዳደርም ተጨምረዋል። ወንበር የሚያስተካክልና ሒሳብ የሚይዝ ሰው ትንቢት ከሚናገረው ጋር በአንድ ረድፍ ተጽፏል፤ እኛ ግን መድረክ ላይ የምናወጣው አንዱን ብቻ ነው።

ሁሉንም የሚያካፍለው ያው አንዱ መንፈስ ነው፣ የሚያካፍለውም እንደ ፈቃዱ ነው (12፥11)። በማኅበራዊ ሚዲያ «ማኒፌስት አድርግ» እየተባለ የሚሰበከው ነገር ከዚህ ጋር አይገናኝም። እዚያ ሰው የፈለገውን በአሳቡና በንግግሩ ኃይል ወደ ራሱ እንዲስብ ይመከራል፤ የሚጠቀመውም ራሱ ነው። ጠንቋዩ ሲሞን በሰማርያ እጅ ጭኖ መንፈስ ቅዱስን የመስጠትን ኃይል በገንዘብ ሊገዛ በፈለገ ጊዜ ጴጥሮስ የገሠጸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የእግዚአብሔርን ስጦታ የራሱ ማድረግ የሚችል መስሎት ነበርና (ሐዋ. 8፥18-20)።

ወደ ጉባኤው እንመለስ። መመሪያው ቁጥር ሳይቀር የተቆረጠ ነው። በልሳን የሚናገሩ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ይሁኑ፤ በተራ በተራ ይናገሩ፣ አንዱም ይተርጉም። ተርጓሚ ከሌለ ተናጋሪው ዝም ብሎ ለራሱና ለእግዚአብሔር ይናገር። ነቢያትም ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፤ ሌሎቹ ይለዩ፣ ማለትም ይመዝኑ። ተቀምጦ ላለው ሌላ ነገር ቢገለጥለት የፊተኛው ዝም ይበል (14፥27-30)። ቁጥር 32 ደግሞ «መንፈስ ይዞኝ ራሴን መግታት አቃተኝ» የሚለውን ሰበብ ይዘጋል፤ የነቢያት መናፍስት ለነቢያት ይገዛሉና። መገታት ያቃተው ሰው ያልተማረ ይሆናል፣ ወይም ሌላ ነገር አለ።

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እውነተኛው መልእክት ከአተረጓጎሙ ጋር ሲቀላቀል ነው። የነቢዩ አጋቦስን ነገር ቀስ ብላችሁ አንብቡት (ሐዋ. 21፥10-14)። በቂሳርያ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የገዛ እጁንና እግሩን አሰረ፣ የመታጠቂያው ባለቤት በኢየሩሳሌም እንዲህ እንደሚታሰር ተናገረ፤ ከዚያም ዝም አለ። «አትሂድ» አላለም። «አትሂድ» እያሉ ያለቀሱት በዚያ የነበሩት ወንድሞች ናቸው፤ ፍቅራቸው እውነተኛ ነበር፣ መደምደሚያቸው ግን ከራሳቸው ነው። ጳውሎስ መልእክቱን አልናቀም፤ መታሰር ብቻ ሳይሆን ለመሞትም ተዘጋጅቻለሁ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ቀድሞም ይኸው አጋቦስ ስለ ራብ በተናገረ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ መከሩና እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ለይሁዳ ወንድሞች ረድኤት ላከ (11፥28-30)። ነቢዩ የገንዘቡን መጠን አልተመነም፣ ወደ እኔ አምጡም አላለም።

እንግዲህ መልእክት ሲሰማ ሦስት ነገር ለየብቻ ይጠየቅ፦ የታየው ወይም የተሰማው ምንድን ነው? ትርጉሙ ምንድን ነው? ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ትክክል ሆኖ ሁለቱ ሊሳሳቱ ይችላሉ። አንዲት እህት በጸሎት ላይ ስለ አንድ ወንድም የተዘጋ በር ብታይ ያየችው በር ብቻ ነው፤ «ሥራህን ልቀቅ» የሚለው በሩ ላይ አልተጻፈም። ያየችውን ብቻ ትናገር።

መልእክት ያለው ሰው አስቀድሞ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ያስተያየው፤ ቃሉን የሚቃወም ከሆነ እዚያው ይቁም፣ ምልክቱ እንኳ ቢፈጸም (ዘዳ. 13፥1-3)። ከዚያ ለጉባኤው መሪ በአጭሩ ይንገረው። «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ከማለት «ይህን በልቤ ያኖረ ይመስለኛል፣ መዝኑት» ማለት ይሻላል፤ ያኛው አነጋገር መዛኙን በእግዚአብሔር ላይ የሚከራከር ያስመስለዋልና አፉን ያሲዘዋል። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሰው ኃጢአት የመጣ መልእክት በማይክሮፎን አይነገር፤ ሁለት የበሰሉ ሰዎች ባሉበት ለባለጉዳዩ ለብቻው ይነገር። መሪውም ቀኑንና ቃሉን ይጻፍ። ያልተጻፈ ትንቢት ካልተፈጸመ ይረሳል፣ የተፈጸመ ሲመስል ደግሞ እየተስተካከለ ይተረካል። በአደባባይ ተነግሮ የተሳሳተም በአደባባይ ይታረም።

ንግግሩ እውነት መሆኑ ብቻውን ምንጩን አያረጋግጥም። በፊልጵስዩስ የምዋርተኝነት መንፈስ የነበረባት አገልጋይ «እነዚህ የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» ስትል ቃሏ ሐሰት አልነበረበትም፤ ጳውሎስ ግን ብዙ ቀን ከሰማት በኋላ መንፈሱን አስወጣው (ሐዋ. 16፥16-18)። ርኩስ መንፈስ በሰው ላይ ሲገለጥ ካሜራ ማቅረብና ረጅም ቃለ መጠይቅ ማድረግ ከጌታችን አልተማርነውም። አጋንንቱን እንዲናገሩ አልፈቀደላቸውም (ማር. 1፥34)፤ ድዳ መንፈስ ያደረበትን ልጅ በፈወሰ ጊዜም ሕዝቡ ሲራወጥ አይቶ ወዲያው መንፈሱን ገሠጸው (9፥25)። ሰው እየተሰበሰበ ሲመጣ ሥራውን አፋጠነ። በእኛ ዘንድ ሕዝብ ሲሰበሰብ ነገሩ ይረዝማል፤ የሚዋረደውም የተጨነቀው ሰው ነው።

ስለ ፈውስ። ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዘዘው (ሉቃ. 5፥14)። በሕጉ ካህኑ ከሰፈር ውጭ ወጥቶ ይመረምረዋል፤ ሰውየው ወደ ሰፈር ቢገባም ሰባት ቀን ከድንኳኑ ውጭ ይቆያል፣ መሥዋዕቱም በስምንተኛው ቀን ይቀርባል (ዘሌ. 14፥3-10)። ራሱ ጌታ የፈወሰው ሰው ወደ መርማሪ ከተላከ የእኛም ፈውስ ምርመራ አይፈራም። ስለዚህ የተጸለየለት ሰው ምስክርነት ያን ዕለት ማታ ተቀርጾ አይሰራጭ። መድኃኒት ማቆምም የሐኪም ውሳኔ ነው፤ «መድኃኒትህን ጣል» የሚል አገልጋይ ካለ መሪዎች እዚያው ያስቁሙት። የደም ግፊት ምንም ምልክት ሳይሰጥ ይቆያል፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቋረጠ ሰውም ለጊዜው ደህና ነኝ ሲል ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይባዛል። ሰውየው ወደ ሕክምና ተቋም ይሂድ፣ ከተቻለ አንድ የጉባኤው ሰው አብሮት ይሂድ፤ የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ጸሎቱም መድኃኒቱም ይቀጥሉ።